ቆዳዬ የጠጣውና ያልጠጣው

ቆዳን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በቆሰበር የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኩራቱ ቢኖርም እውነቱ ይቀድማል። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ እንጅባራ የሚላት ከተማ በቆሰበርነቷ ብቻ ከምትታወቅበት ዘመን ጀምሮ የፈረስ ኮርቻ ስሠራ ኖሬአለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አንድ የተቀደደ ኮርቻ ፈትቼ፣ መልሼ ሰፍቼ፣ ከፊተኛው አሳምሬ ነው የጀመርኩት። ንባብም እንዲሁ ነው። ፊደሉን ጎረቤት ልጆች ሲጮኹበት በጆሮዬ ለቀምኩ፤ የቀረውን ከጋዜጣ ቁራጭና ከዕቃ ማሸጊያ ላይ ጨረስኩት። ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ የቤቴን መብራት የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ፊቴን ሕመም ሲይዘኝ መድኃኒቱንም ራሴ አሻሽለዋለሁ ብዬ ባስብ አይፍረዱብኝ።

ይህን የምጽፈው ፊታቸው ተቆጥቶ ከሰው ተደብቀው ቤት ለዋሉ ሰዎች ነው። ከእነሱም ውስጥ በተለይ እንደ እኔ አእምሯቸው ዝም ብሎ የማይቀመጥ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። ሌላው ሰው የታዘዘውን ይቀባና ይድናል። እኛ ነን የምንቸገረው።

ሕመሙ የጀመረኝ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ እንደጠራ ነው። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ላለ ደንበኛዬ ኮርቻ አድርሼ በእግር ስመለስ ፊቴ እሳት ፊት እንደተቀመጠ ሰው ፊት ነደደ። ቤት ስደርስ ጉንጬ፣ አፍንጫዬ፣ የአንገቴ ፊት፣ የእጆቼም ጀርባ እንደ በርበሬ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር።

ባለቤቴ እናትነሽ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝ።

«ምች ነው» አለች። «ምን በልተህ ነው ፀሐይ ላይ የወጣኸው?»

«ሽሮ።»

«ይኸው! እጅህን ሳትታጠብ ነዋ!»

«ታጥቤአለሁ።»

«አፍህንስ?»

አፌን አልታጠብኩም ነበር። በዚሁ ተፈረደብኝ። ዳማከሴ ከጓሮ ቆርጣ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን ፊቴ ላይ አደረገችልኝ። ማታ ላይ ብርድ ብርድ ሲለኝ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በውስጥ እግሬ ላይ በጨርቅ አሰረችው። እናቷ እንዲህ ታደርግ ነበር።

ታሪኬ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተጋድሜ ጥቂት እንደቆየሁ አፌ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለኝ።

«እናትነሽ፣ ምን አብልተሽኝ ነው?»

«ምንም። ራት መቼ በላህ?»

«አፌ ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

«በእግርህ ነው ያሰርኩት እንጂ በአፍህ አይደለም። ተኛ።»

መተኛትማ የት አለ! በእግሬ የታሰረ ነገር እንዴት አፌ ደረሰ? ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ በማግስቱ አዲስ ወቀጥኩ፤ ይህን ጊዜ እግሬን በጨርቅ ሳይሆን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አፉን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩትና ደጅ ነፋስ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ አሁንም አፌ ላይ መጣ። እናትነሽ እግሬን በከረጢት አስሬ ምላሴን እያጣጣምኩ ስታገኘኝ አማተበች። እኔ ግን ያወቅሁትን አውቄአለሁ፤ የሰው ቆዳ ይጠጣል። ሰው ሆኜ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ የፈረስና የበሬን ቆዳ ስመረምር የራሴን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ፊቴ ግን አልተሻለውም። ደመና በሆነ ቀን ይበርዳል፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ይነድዳል። ቅላቱ ወደ ጥቁረት ዞረ፤ ቆዳው ይፈረፈር ጀመር። ከተማው ውስጥ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የወረፋ መጠበቂያው ወንበር በግቢው መካከል፣ ፀሐይ ላይ ነው። ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ስቁነጠነጥ አጠገቤ የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት ጥቁር ጃንጥላዋን ወደ እኔ አዘንብላ፣ «አባባ፣ ወደዚህ ይጠጉ፤ ለሁለታችን ይበቃል» አለችኝ። ለሦስታችን ማለቷ ነበር። ስሟን አላወቅሁም። በዚያ ሰሞን ከታከምኩት ሕክምና ሁሉ የተሻለው የእሷ ጥላ ነበር።

የመረመረኝ ሰው ፊቴን ከሩቅ አይቶ «ፈንገስ ነው» አለ፤ ቆዳን የሚያሻግት በሽታ ማለቱ ነው። ቅባት ሰጠኝ። ምንም አላመጣም። ቀጥሎ ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ሌላ ቅባት ገዛሁ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነው የሸጡልኝ። እሱስ ተአምር ነበር! በቀናት ውስጥ ፊቴ ቀዘቀዘ። እኔም ደስ ብሎኝ አቆምኩ፤ ሳቆም ሲብስ፣ ስጀምር ሲሻል ጊዜ ያለማቋረጥ ተቀባሁት። ኋላ እንደተነገረኝ ያ ቅባት ቁጣውን ያበርዳል እንጂ ምክንያቱን አይነካም፤ ሲቆይም ቆዳውን ያሳሳዋል። በእርግጥም የፊቴ ቆዳ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ያህል ሳስቶ፣ ከሥሩ ያለው የደም ሥር ይታይ ጀመር።

መስኮት ዘግቼ ቤት መዋል ጀመርኩ። በጨለማ ቆዳ አይሰፋም፤ የታዘዘኝ ኮርቻ ሳይሠራ ተከመረ። ከእናትነሽ ጋር በትንሽ በትልቁ መነታረክ መጣ። በሩን ስትከፍት «ዝጊው» እላለሁ፤ ስትዘጋው «ታፈንኩ» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አጠገቤ የሚቆሙት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ እንደሚሉ አየሁ። አንዷ «ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ለብዙ ጊዜም ከእኔ ጋር አደረ።

ከሁሉ የከፋው ግን የካሴ መምጣት ነው። ካሴ የልጅነት ጓደኛዬና የሰፈራችን ፈረሰኞች አለቃ ነው። በእኛ አገር በጥር የፈረሰኞች በዓል አለ፤ ከየአቅጣጫው ፈረሰኛው ወጥቶ በሜዳ ላይ ይጋልባል። ግማሹ ፈረስ የሚለብሰው የእኔን ኮርቻ ነው። እኔም ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ቦራ ፈረሴን ይዤ ከፊት ሳልሰለፍ የቀረሁበት ዓመት የለም።

ካሴ በጨለማው ቤት ውስጥ አይኑ እስኪለምድ ቆሞ፣ «አያልነህ፣ የት ነህ? እንደ ጅብ ጉድጓድ ገባህ እንዴ?» አለ።

«እዚህ ነኝ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ጥር እየመጣ ነው። የምትወጣ ከሆነ ጥሩ። የማትወጣ ከሆነ ቦራን ለወንድሜ ስጠው፤ የእሱ ፈረስ አንክሷል።»

የካሴ ወንድም ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ጆንያ የተጫነ ይመስላል።

«ወንድምህ ቦራ ላይ የሚወጣው እኔ ስሞት ነው» አልኩት።

«እሱንማ ማን ያውቃል» አለና ሳቀ። ቀልዱ ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሩን ከፍቶ ሲወጣ የገባችው ፀሐይ እጄን አቃጠለችኝና በሩ እስኪዘጋ ድረስ በአዊኛ ተሳደብኩ። ሲያመኝ የሚመጣልኝ አዊኛ ነው።

ዳንግላ የምትኖር ልጄ ብዙአየሁ በስልክ ድምፄን ሰምታ ነው የመጣችው። ገና ስታየኝ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች። እናትነሽ ለፋሲካ ያቆየችውን በግ ሸጠች፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ባሕር ዳር ሄድን። የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ለእኔ የልጅ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ሳትቸኩል አየችኝ። እኔም ማንም ያልጠየቀኝን ነገር ላሳያት ቸኩዬ የእጅ ሰዓቴን ፈታሁ።

«ተመልከቺ ልጄ፤ ከሰዓቱ ሥር ያለው ቆዳ ጤነኛ ነው። ግንባሬም ባርኔጣው በሸፈነው በኩል ጤነኛ ነው። ስለዚህ በሽታው ከውስጥ አይደለም። ፀሐይ ናት።»

«በትክክል» አለች። «ግን ፀሐይማ ዕድሜዎን ሙሉ ነበረች። ዘንድሮ ምን ተለወጠ? የሚወስዱት ኪኒን አለ?»

አለ። በነሐሴ የደም ግፊት አለብህ ተብዬ የጀመርኩት ነው። ማሸጊያውን ከኪሴ አወጣሁ፤ ሙሉውን አንብቤዋለሁ፤ ይህን ግን አልገመትኩም ነበር።

«ይህ ትርፍ ውሃ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ ኪኒን ነው» አለች። «ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሰው ይወስደዋል። ጥቂት ሰው ላይ ግን ቆዳው ፀሐይ እንዳይችል ያደርገዋል።»

«ታዲያ በነሐሴ ለምን አልታመምኩም?»

«በነሐሴ እንጅባራ ላይ ፀሐይ አለ እንዴ?»

ብዙአየሁ ሳቀች። እኔም ሐኪሟን ወደድኳት። ነቀርሳ እንዳልሆነ አረጋገጠችልኝ፤ ኪኒኑን በሌላ ለወጠችልኝ። በራሴ ባቆመው ኖሮ ግፊቱ ሊጥለኝ ይችል እንደነበርም ነገረችኝ። ያን ከመድኃኒት መሸጫ የገዛሁትን ቅባት ቀስ በቀስ እያሳነስኩ እንድተው አዘዘችኝ። መጨረሻ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ጻፈችልኝ፤ ጠዋት ከመውጣት በፊት የሚቀባ።

«ይጠጣል?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ቆዳዬ ነዋ። ቅባቱን ይጠጣዋል? ከጠጣውስ የት ያደርሰዋል? ካልጠጣውስ ምን ይጠቅመኛል?»

በሩን ነርሷ ከፍታ ቆማለች፤ ከውጭ የወረፋው ጫጫታ ይሰማል። «አባባ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሲመለሱ በደንብ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ግን ምንም ሳይጨምሩ፣ ምንም ሳይቀንሱ፣ ዝም ብለው ይቀቡት።»

ዝም ብሎ መቀባት! እኔን ባታውቀኝ ነው።

ቅባቱ እንደ ውሃ ቀጭን ነበር። እጄ ላይ አድርጌ ሳሸው ጠፋ። የት ሄደ? ይህን ሳላውቅ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ከሥራዬ ላይ ሁለት ቁራጭ የለፋ ቆዳ ወሰድኩ። የማታውቁ ካላችሁ፣ ማንኛውም ቆዳ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ጠጉሩ የነበረበት ለስላሳው ወገን ነው፤ ሌላው ሥጋው የነበረበት ሸካራው ወገን ነው። በአንዱ ቁራጭ በጠጉሩ ወገን፣ በሌላው በሥጋው ወገን ቅባቱን ጠብ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሥጋው ወገን ወዲያው ጠጣው። የጠጉሩ ወገን ላይ ያለው ቆየ፣ ቆየ፣ እስከ ማታም ያብለጨልጭ ነበር።

«አሃ!» አልኩ። «መድኃኒቱ ሰነፍ ነው። መገፋት ይፈልጋል።»

ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር አለ። የደረቀ ቆዳ አልጠጣም ብሎ ሲያስቸግር ቅቤ አቅልጬ ከኑግ ዘይት ጋር እቀባውና በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ሙቀት ባለበት አሳድረዋለሁ። ሲነጋ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። በዚህ መንገድ ያልተሸነፈ ቆዳ አላየሁም። የእኔ ፊት ከበሬ ቆዳ ይጠነክራል?

ቅባቱን ከለጋ ቅቤ ጋር ለወስኩ። ፊቴን በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፤ በጨርቅም ፈገፈግሁ፤ የቆዳዬ በር እንዲከፈት ብዬ ነው። ከዚያ በደንብ አሽቼ ተቀባሁና ለዳቦ መጋገሪያ ከጓሮ ካለው ኮባ ቆርጬ፣ በእሳት አለስልሼ፣ ለአፍንጫዬ ቀዳዳ አበጅቼ ፊቴን ጠቀለልኩ።

እናትነሽ አይታኝ፣ «ዳቦ መሆን ብቻ ነበር የቀረህ» አለች። «ሐኪሟ እንዲህ አድርግ አለችህ?»

«እሷ ሰው ነው የምታክም። ቆዳ የምታውቀው እኔ ዘንድ መጥታ ነው።»

«ተው አያልነህ።»

«ሲነጋ ታዪዋለሽ።»

ሲነጋ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ማየት አልቻልኩም። ዓይኖቼ አብጠው ተዘግተው ነበር። ፊቴ ጉንጩ ከግንባሩ የማይለይ አንድ ወጥ እብጠት ሆኖ፣ ውሃ ቋጥሮ ይመዘምዛል። እናትነሽ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። በእርጥብ ጨርቅ ቅቤውን ከፊቴ ላይ ቀስ እያለች አነሳችው። «ይታይሃል?» ትላለች በየጊዜው። «ትንሽ» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። ካሴም ሰምቶ መጣ። እንደተለመደው ይቀልድብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን አጠገቤ ተቀምጦ «ቦራን እኔ አጠጣዋለሁ፤ አትጨነቅ» ብቻ አለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት። ካሴ ካልቀለደብኝ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ጥቂት ቀዝቀዝ ሲልልኝ አንዱ ዓይኔ ተከፈተ፤ ብዙአየሁም መጥታ ወደ ሐኪሟ መለሰችኝ። ከመሄዴ በፊት ሁለቱን የቆዳ ቁራጮች ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም ነበራ!

ሐኪሟ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን ተደረገ?»

ሁሉንም በየተራው ነገርኳት፤ የቅቤውን ለጋነት፣ የኮባውን ልስላሴ አልደበቅሁም። ብዙአየሁ በሀፍረት ግድግዳውን ታያለች። ሐኪሟ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ዓይኔን በመብራት መረመረች፤ ዓይኔ ውስጡ ደህና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው ሳቋ ያመለጣት።

«አባባ፣ አንድ ቅባት በቆዳ በኩል በብዛት እንዲገባ ቢፈለግ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ? ቆዳው ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ይፈገፈጋል፣ በላዩም አየር በማያስገባ ነገር ይሸፈናል። እርስዎ አንዱንም አልተዉም።»

«ይኸው!» አልኳት ለብዙአየሁ። «ትክክል ነበርኩ ማለት ነው።»

«መንገዱ ትክክል ነው» አለች ሐኪሟ። «የሄዱበት ቦታ ነው ትክክል ያልሆነው።»

እንግዲህ የነገረችኝን በገባኝ መጠን ላስረዳ፤ በደንብ ነው የገባኝ። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞተ ነው። የሞቱ ጥቃቅን ነገሮች እንደ ጡብ ተደራርበው ግድግዳ ሠርተዋል፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው። ውሃና ትልልቅ ነገር በዚያ አያልፍም። በጣም ትንሽ የሆነና ስብ የሚወድ ነገር ግን በጭቃው መካከል ሹልክ ሹልክ እያለ ከሥር ወዳለው የደም ሥር ይደርሳል። የእኔ ግድግዳ በፀሐይና በዚያ በሚያሳሳው ቅባት ፈራርሶ ስለነበር፣ እኔም በሙቅ ውሃና በኮባ ስለገፋሁት፣ ላዩ ላይ መቅረት የነበረበት ነገር ሁሉ ዘልቆ ሥጋዬን አስቆጣው።

«ነጭ ሽንኩርትስ?» አልኳት።

«ነጭ ሽንኩርት?»

የከረጢቱን ነገር ተረኩላት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። «እሱም እንዲሁ ነው። ሽታ የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው፤ ስብም ይወዳል። በእግርዎ ገብቶ በደም ዞሮ አፍዎ ደርሷል። በከረጢት ማሰርዎ ግን... እሱን ማን ነገረዎ?»

«ማንም።» ብዙአየሁን ዘወር ብዬ አየኋት።

«የፀሐዩስ ቅባት ደም ውስጥ ይገባል?» አልኳት።

«የሰጠሁዎት ዓይነት ጥቂቱ ይገባል። ሰዎች ተቀብተው ደማቸው ሲመረመር ተገኝቷል።»

«መርዝ ነዋ!» አለች ብዙአየሁ ደንግጣ።

«መገኘቱና መጉዳቱ ይለያያሉ። እስካሁን ሰው ጎዳ የሚል ማረጋገጫ የለም፤ ገና ይጠናል። ፀሐይ እሳቸውን እንደሚጎዳ ግን ማንም ማረጋገጫ አይጠይቅም። ፊታቸው ይኸው።»

ያን ጊዜ ቁራጮቹን ከረጢቴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ። የሥጋው ወገን እንዴት እንደጠጣ፣ የጠጉሩ ወገን እንዴት እንደለገመ አሳየኋት። እሷም እንደ ሕፃን ደስ ብሏት ከብርጭቆዋ ውሃ በጣቷ በሁለቱም ላይ ጠብ አደረገችና አንገቷን ደፍታ ትመለከት ጀመር። ነርሷ በሩን ብትከፍትም ዘወር አላለችም።

«አባባ» አለችኝ ዓይኗን ከቆዳው ሳታነሳ፣ «ኮርቻ ሲሠሩ የትኛውን ወገን ወደ ውጭ ያደርጋሉ?»

«የጠጉሩን ወገን ነዋ።»

«ለምን?»

«ዝናብ እንዳያስገባ።»

ይህን ስናገር እኔም ወደ ቁራጩ አጎነበስኩ። የውሃው ጠብታ በለስላሳው ወገን ላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ተቀምጧል። ፈጣሪ እኔን ሲሠራኝ የጠጉሩን ወገን ወደ ውጭ አድርጎ ሰፍቶኛል። ጥሩ ባለሙያ ነው። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ስፌቱን ስፈታ አደርኩ።

«ይህ ቅባት ጥበቃ ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ጥበቃ ሥራው በር ላይ ነው። እርስዎ ጎትተው ቤት አስገቡት፤ በሩ ባዶ ቀረ።»

ለጥያቄዬ መልስ የሰጠሁት እኔው ራሴ መሆኔን አንባቢ ልብ ይበል። እሷ የጠየቀችኝ ብቻ ነው። እርግጥ እንዲህ አድርጎ መጠየቅም ሙያ ነው።

ቁጣው እስኪበርድ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅና ለስላሳ ቅባት ታዘዘልኝ። በኋላም ሌላ ዓይነት የፀሐይ መከላከያ ሰጠችኝ። ይህኛው ወፍራምና ነጭ ነው፤ ከዚንክ የተሠራ ዱቄት አለበት። ዱቄቱ ከላይ ተኝቶ ፀሐዩን ይመክታል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ከምንም አይቆጠርም። ፊቴ ላይ ከማድረጌ በፊት በክንዴ ውስጠኛ ወገን ትንሽ ቦታ ላይ ለቀናት እንድሞክረው ነገረችኝ። ይህን ትእዛዝ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ፈጸምኩ። ቆዳዬ አልተቆጣም። አዲሱ ኪኒን ግፊቴን ይዞልኛል፤ የአሮጌው ኪኒን ጠንቅም ሳምንታት እየገፉ ሲሄዱ ለቀቀኝ።

አንድ ሙከራ ግን ቀረኝ፤ ያን ባልሞክር እኔ እኔ አይደለሁም። ጥር ሲቃረብ እጄን አጥቤ በጀርባው ላይ ግማሹን ቀብቼ ግማሹን ትቼ ደጅ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እናትነሽ ጃንጥላ ይዛ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ልታጠላልኝ። ያልተቀባው ወገን ትንሽ ሞቀኝ፤ ቀላ አለ። የተቀባው ግን እንዳለ ነው። በመካከላቸው ያለው መስመር እንደ ኮርቻ ስፌት ቀጥ ብሎ ይታያል።

«ነይ እይ» አልኳት።

እጄን ይዛ አገላብጣ አየች። ጃንጥላውን አጠፈችው።

የበዓሉ ቀን ሰፊ ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ፊቴን፣ አንገቴን፣ የእጆቼን ጀርባ በወፍራሙ ተቀባሁ። አላሸሁትም። አልፈገፈግሁትም። እንደ ኖራ ነጭ ሆኜ ቦራ ላይ ወጣሁ። ሜዳው አጠገብ ስደርስ ካሴ አየኝና ልጓሙን ስቦ ቆመ። ፈረሰኛው ሁሉ ዘወር አለ።

«እናንተ ሰዎች ተመልከቱ!» ብሎ ጮኸ። «ፈረሱ ቦራ፣ ጌታውም ቦራ! አያልነህ፣ ማንኛችሁ ናችሁ ማንኛችሁን የምትጋልቡት?»

ሜዳው በሳቅ አውካካ። እኔም ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አላውቅም። ካሴ ቀልዶብኛል።

«ወንድምህ የት አለ?» አልኩት። «ጆንያውን ማን ጫነው?»

«ከኋላ ነው፤ የተከራየው በቅሎ አልሄድ ብሎታል።»

ተሰለፍን። ከፊት ነበርኩ። ፀሐይ በአናታችን ላይ ቆማለች፤ እኔም ቀና ብዬ አየኋት፤ ከዚያ ቦራን ተረከዜን አስነካሁት።

ማታ ቤት ስገባ ፊቴ ይነድድ እንደሆነ ለማወቅ ጠበቅሁ። አልነደደም። እናትነሽ በሳህን ለብ ያለ ውሃ አቅርባ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ ፊቴን ጠረገችልኝ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። አለቅልቃ ደገመችው፤ አሁንም ነጭ። ከሥሩ የወጣው ፊት የድሮው የእኔ ፊት ነው፤ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ግን የእኔ።

«ይኸው፣ ሁሉም እዚሁ አለ» አለች ሳህኑን እያሳየችኝ። «ቆዳህ አንድም አልጠጣም።»

ሳህኑን ተቀብዬ ወደ መብራቱ አስጠጋሁትና ብዙ ጊዜ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ጠጥቶ ሳይጨርስ የተረፈ ቅባት ባየሁ ቁጥር እንደተሸነፍኩ እቆጥር ነበር። የዚያን ማታ ግን ሳህኑ ውስጥ የቀረውን እያየሁ፣ እናትነሽ እስክትነጥቀኝ ድረስ ስስቅ ቆየሁ።